ስፐርት፦ ስፖርትም ኤክስፐርትም ያልሆነው ቃል

መስከረም ሲጠባ አዳማ ውስጥ ፋታ የሚያጣው ሰው ልብስ ሰፊ ነው። አምና መሬት ይጠርግ የነበረው የተማሪ ሱሪ ዘንድሮ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆሞ ይገኛል። ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ የሄደችውም በዚሁ ሰሞን ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ተመዘዘ። ቤት ያፈራውን ሁሉ ይበላል፣ ከበላ በኋላም ይርበኛል ይላል። ብርጭቆ ካነሳ ይሰብራል። በር ሲያልፍ ትከሻው ይጋጫል። ሐኪሙ አየው፣ ቁመቱን ለካው፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ «አይዞሽ፣ ግሮውዝ ስፐርት ነው» አላት።

እሷ የሰማችው «ስፖርት» የሚለውን ነው።

በማግስቱ የሩጫ ጫማ ተገዛ። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት እየተቀሰቀሰ አስፋልት ዳር ሲሮጥ ከረመ። እኔ ነገሩ የገባኝ ቡና ላይ ነው። «ሐኪሙ ስፖርት አዞለት» አለች። አጠገቧ የነበረው ወንድሟ ደግሞ «ኤክስፐርት ጋ ውሰጂው ማለቱ ነው እንጂ» ብሎ ሊያርማት ሞከረ። መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ ኤክስፐርት የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። ልጁ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቅማል። ማንም የሱን አስተያየት አልጠየቀም።

ስፐርት (spurt) የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ግን የሚያሳስተው ሰው ብዙ ነው። በስፖርት ዜና ይመጣል፣ በሕክምና ይመጣል፣ በገበያ ወሬ ይመጣል። በየቦታው ሌላ መልክ አለው። ስለዚህ ተራ በተራ እንየው።

ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው?

ስፐርት ሁለት እግር ያለው ቃል ነው። አንደኛው እግሩ «ድንገት» ነው። ሁለተኛው «ለአጭር ጊዜ» ነው። ጸጥ ብሎ የነበረ ወይም ቀስ እያለ ሲሄድ የቆየ ነገር ድንገት ጉልበት ያገኛል። ይወጣል፣ ይፈጥናል ወይም ያድጋል። ከዚያ ያበቃል፣ ወይም ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን የምንስተው ሁለተኛውን እግር ነው። ግሮውዝ ስፐርትን «ፈጣን እድገት» ብለን እንተረጉመዋለን። ስህተት ነው አይባልም፣ ግን ግማሽ ነው። ፈጣን እድገት ሃያ ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ስፐርት ግን ማብቂያው ቅርብ ነው። ማብቂያው ቅርብ ካልሆነ ስፐርት አይባልም።

ቃሉ ስምም ግስም ይሆናል። እንግሊዝኛ ውስጥ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ከየት እንደመጣ የቃላት አጥኚዎች ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም። አንዳንዶቹ «መትፋት» ከሚል የድሮ ጀርመንኛ ቃል ጋር ያዛምዱታል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ። የአዳማን ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ እመለስበታለሁ።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ መሐል ላይ ያለው ድምፅ «ገርል» ስንል አፋችን ላይ የሚመጣው ነው። ወደ «ኦ» ከጠጋ ስፖርት ሆነ ማለት ነው። ሌላ የሚምታታበት ቃል «ስፕራውት» ነው። እሱ ማቆጥቆጥ ነው፤ የተዘራ ምስር ጫፉን ሲያወጣ። ስፕራውት ቀስ ብሎ ነው፣ ስፐርት አይታገስም።

ቧንቧው ለምን ይተፋል?

የቃሉ መሠረታዊ ፍቺ ያለው ፈሳሽ ላይ ነው። ይሄን ለማየት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሠፈር መኖር ይበቃል።

የኛን ግቢ ልንገራችሁ። ቧንቧው ክፍት ተትቶ ባልዲ ከሥሩ ተቀምጧል። ሌሊት ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ፉጨት ነው። ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ። ቀጥሎ ቧንቧው ያስላል። ከዚያ ቱፍ! አንድ ጉርሻ የሚያህል ቡናማ ውሃ ባልዲው ላይ ይረጫል። ዝም ይላል። አየር ብቻ ይነፍሳል። እንደገና ቱፍ! አሁን ትንሽ በዛ ያለ። እንዲህ እየተፋ ከቆየ በኋላ ይረጋል፣ ውሃው ወጥ ሆኖ ይወርዳል፣ የባልዲው ድምፅ ይለወጣል። የዚያን ጊዜ ከየቤቱ ነጠላ ጫማ መንኳኳት ይጀምራል።

ያ «ቱፍ» ስፐርት ነው። በኋላ የሚመጣው ወጥ አወራረድ ግን ስፐርት አይባልም፤ ፍሰት ነው።

ለምን ይተፋል? ውሃ ሲቋረጥ ቱቦው ባዶውን አይቀመጥም። አየር ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ውሃ ቢጫኑት እምብዛም አይጨመቅም፣ አየር ግን እንደ ስፖንጅ ይታመቃል። የታመቀው አየር ቧንቧው አፍ ላይ ሲደርስ በአንዴ ይለቀቃል። ከኋላው የተከተለውን ውሃም ተኩሶ ያስወጣዋል። በዓል ዋዜማ መናኸሪያ በር ላይ ተገፋፍቶ የቆመውን ሰው አስቡት። በሩ ሲከፈት አንድ በአንድ አይወጣም፣ በጅምላ ይፈሳል። በሩ ገርበብ ሲል ይቆማል። እንደገና ሲከፈት እንደገና ይፈሳል። ቱቦው ውስጥም አየርና ውሃ ተራ በተራ ስለተሰለፉ፣ መትፋቱም ተራ በተራ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የመጀመሪያውን ቡናማ ውሃ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ያዙት። ለሻይ አትቸኩሉ።

አማርኛችን እዚህ ጋ ሀብታም ነው። ቧንቧ ቱፍ ይላል። የተናጠ አምቦ ውሃ ሲከፈት ፊን ብሎ ሸሚዝ ላይ ይወጣል። ማሰሮ ላይ ያለ ወተት ይገነፍላል። እንግሊዝኛው ስለ ቧንቧውም ስለ አምቦ ውሃውም ስፐርት ብሎ ማለፍ ይችላል። እኛ ግን ለየአወጣጡ ቃል አለን። የወተቱ ግን ስፐርት አይደለም፤ ሞልቶ መፍሰስ ነው፣ ተወርውሮ መውጣት የለበትም።

ደም ሲሆንስ?

እዚህ ጋ ቃሉን መለየት ሕይወት ሊያተርፍ ስለሚችል ትንሽ ቆም እንበል። የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያዎች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ «ስፐርቲንግ» የሚል ቃል አይጠፋባቸውም። ደሙ ፊን እያለ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ደም ከልብ የሚወጣበት ሥር ደም ቅዳ ይባላል። ወደ ልብ የሚመለስበት ደም መልስ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ደም ቅዳ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ደም ቅዳ ሲቆረጥ ደሙ ከልብ ምት ጋር ፊን፣ ፊን ይላል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው። ደም መልስ ሲቆረጥ ደሙ ጠቆር ያለ ነው፣ ሳይዘል ይፈሳል። ቅድም ያየነው የቧንቧ ልዩነት ነው፤ አንዱ ስፐርት፣ አንዱ ፍሰት።

አንድ አዋቂ ሰው በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ፊን የሚል ቁስል ይሄን ቶሎ ያጎድላል። የሚደረገው ቀላል ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በኃይል መጫን፣ አለመልቀቅ፣ ሰው ጠርቶ ወደ ሕክምና መሄድ። «ቆመ እንዴ?» እያሉ ጨርቁን ማንሳት ጥሩ አይደለም። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ ይደረባል። ደግሞ ፊን አላለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ጥልቅ ቁስል ደሙን ውስጥ ለውስጥ ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ደም ያለቀበት ሰውም ግፊቱ ስለሚወርድ ደሙ መዝለሉን ያቆማል።

ልጁ እንዴት በአንድ ዓመት እንዲህ ተመዘዘ?

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ። ግሮውዝ ስፐርት ማለት በጉርምስና ዕድሜ የሚመጣ ድንገተኛ የቁመት ዝላይ ነው። አያቶቻችን «ክረምቱ መዘዘው» ይሉታል። እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም። መምዘዝ ውስጥ ድንገትም አለ፣ ማብቂያም አለ። ሰይፍ ሲመዘዝ ዘላለም አይመዘዝም።

አንድ ጤነኛ ልጅ ከጨቅላነት ወጥቶ ጉርምስና እስኪደርስ ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ይሄ ዝግ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ማርሹ ይቀየራል። ሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ በ10 ዓመት ግድም ይጀምራል፣ በ12 ዓመት አካባቢ ጣሪያው ይደርሳል፣ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው ይገባሉ። በ14 ዓመት አካባቢ በዓመት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል የተነሳችሁት ፎቶ ካለ አውጥታችሁ እዩት። ከኋላ የቆሙት ረጃጅሞቹ ሴቶቹ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ የተነሳችሁትን ስታዩ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል።

ሥራው የሚሠራው አጥንት ጫፍ ላይ ነው። በልጅነት የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ልም አጥንት አለ። አዲስ አጥንት የሚገነባው እዚያ ነው። የጉርምስና ሆርሞኖችና የእድገት ሆርሞን ተጋግዘው ያንን ቦታ ያፋጥኑታል። የሚገርመው፣ ስፐርቱን የሚያስጀምሩት የጉርምስና ሆርሞኖች መጨረሻውንም ያመጣሉ። ልም አጥንቱ ቀስ በቀስ ጠንክሮ ይዘጋል፣ ቁመት መጨመርም ይቆማል። ሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ በ15 ዓመት ግድም፣ ወንዶች ላይ በ17 ዓመት ግድም። ከዚያ በኋላ ቁመት ያስረዝማል ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ገንዘባችሁን ያሳጥር ይሆናል እንጂ ቁመት አይጨምርም።

ሰውነት ሁሉም ቦታው አብሮ አያድግም። መጀመሪያ እግርና እጅ ናቸው፣ መዳፍና መርገጫው። ቀጥሎ ቅልጥም ይረዝማል። ወገብና ደረት መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠበው ጫማ ነው፣ ቀጥሎ ሱሪ ያጥራል፣ ሸሚዝ ቆይቶ ነው። ወላጅ ይሄን ቅደም ተከተል ቢያውቅ በጀቱን ያስተካክልበታል።

ብርጭቆ መስበሩስ? ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት አይሱዙ ስጡት። መንዳት ያውቃል፣ ግን ስፋቱን አልለመደውም። ኩርባ ላይ ይጭራል፣ በር ሲያልፍ ይነካል። አእምሮም የእጅና የእግርን ርዝመት ለምዶ ነው የሚያዘው። እጁ በአንድ ዓመት ሲረዝም ልኩን እንደገና እስኪለምድ ብርጭቆ ይሰበራል። ልጁን «ደነዝ» ከማለት በፊት ይሄን ማሰብ ደግ ነው።

ርሃቡም ከዚሁ ነው። ግንባታ ያለበት ቦታ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይበላል። እንቅልፍም እንደዚያው። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው፣ በተለይ ከተኙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት። ሲለቀቅም እንደ ወንዝ አይፈስም፤ እንደኛ ቧንቧ ቱፍ፣ ቱፍ እያለ ነው። አምሽቶ ስልክ ሲነካካ የሚያድረውን ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀስቅሶ ማስሮጥ እንግዲህ ለስፐርቱ ውለታ አይደለም።

ከጉርምስና በፊትስ ስፐርት የለም? አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚሼል ላምፕል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። 31 ሕፃናትን በተደጋጋሚ ለክተው ያገኙት ነገር ሰውን አስገረመ። ሕፃናቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አያድጉም ነበር። ለቀናት ምንም አይጨምሩም፣ ከዚያ ድንገት ከግማሽ እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ዘለው ይገኛሉ። «ትናንት የሆነው ቱታ ዛሬ እምቢ አለ» የምትል እናት አላጋነነችም ማለት ነው።

መቼ ሐኪም ይየው? ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት፣ ወንድ ልጅ 9 ሳይሞላው የጉርምስና ምልክት ከታየ። ወይም ሴቷ 13፣ ወንዱ 14 ሞልቷቸው ምንም ምልክት ከሌለ። በመሐል ያለው ሰፊ ነው፣ ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ግድግዳ ላይ እያስጠጉ መለካት አያስፈልግም።

ምሩፅ ማርሽ የቀየረው ስፐርት ነው?

አዎ፣ እንዲያውም ዋናው ምሳሌ እሱ ነው። ጎረቤቴ «ስፖርት» ብላ ስትሳሳት ሙሉ በሙሉ ከመንገድ አልወጣችም፤ ቃሉ ስፖርት ውስጥ የራሱ ቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አጠለቀ። ሩጫውን ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ድንገት ይነጠላል። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በዚህ ነው። እንግሊዝኛው ስፐርት ያለውን እኛ ከመኪና ተውሰን ማርሽ መቀየር አልነው። ከኦሪጅናሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከአዳማ ወደ አሰላና በቆጂ የሚወስደው መንገድ ይሄን ያውቀዋል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር አብራ ሮጣ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ጥላት ሄደች። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ! በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትሩ ወርቅና ብር ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር።

ስፕሪንት ግን ሌላ ነው። ስፕሪንት ከመነሻው እስከ መጨረሻው በሙሉ ኃይል የሚሮጥ ነው። ስፐርት እንዲኖር ቀድሞ ዝግ ያለ ነገር መኖር አለበት። ዩሴን ቦልት ስፕሪንት ነው፣ ምሩፅ ስፐርት ነው።

ለምን ታዲያ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ማርሽ አይቀየርም? ሰውነት ሁለት ዓይነት እሳት አለው። አንዱ እንደ ከሰል ነው፣ በኦክስጅን እየታገዘ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይነዳል። ሌላው እንደ ጭራሮ ነው፣ ቦግ ብሎ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ቶሎ ያልቃል። ቦግ የሚለው እሳት በሙሉ ኃይል ሲነድ የሚቆየው ከጥቂት ሰከንዶች እስከ አንድና ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጡንቻ ይቃጠላል፣ እግር ይከብዳል። የታላላቆቹ ብልሃት ጭራሮውን እስከ መጨረሻው ዙር መቆጠብ ነው።

ጀርመኖች የመጨረሻዋን ሩጫ «ኤንትሽፑርት» ይሏታል፣ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወስደው። ጃፓኖች «ራሱቶ ስፓቶ» ይላሉ፣ ላስት ስፐርት ማለታቸው ነው። ለፈተና የቀሩትን ሳምንታት ጥናት ሳይቀር በዚህ ይጠሩታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ነገሩን ያውቀዋል፣ ስሙን ነው ያላወቀው።

«በስፐርት ይሠራል» ሙገሳ ነው ስድብ?

እንደ አባባሉ ነው። እንግሊዝኛው «ኢን ስፐርትስ» ሲል አንድ ሰሞን ተነስቶ ሌላ ሰሞን የሚተኛ ማለቱ ነው። አማርኛው ዝግጁ ነው፦ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሰሞንኛ። ስለ ሠራተኛ ከተባለ ብዙም አያስደስትም። ስለ ፈጠራ ሥራ ሲሆን ግን ነቀፋ ላይሆን ይችላል። ይሄን ጽሑፍ እኔ ራሴ በስፐርት ነው የጻፍኩት። መብራት ሲመጣ ሁለት አንቀጽ፣ ሲጠፋ ዝም።

ዋጋም ስፐርት ያደርጋል?

የህንድ ጋዜጦችን የሚያነብ ሰው «የዋጋ ስፐርት» የሚል ነገር ይገጥመዋል። ድንገት ዋጋ ተሰቀለ ለማለት ነው። እዚህ ጋ ያቺን ሁለተኛ እግር አስታውሱ። ፋሲካ ሲደርስ ሽንኩርት ይሰቀላል፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይወርዳል። ያ ስፐርት ነው። የቤት ኪራይ ግን ወጥቶ እዚያው ይቀራል። እሱን ስፐርት የሚለው አከራይ ብቻ ነው፣ ቢጠየቅ።

ከበርስት፣ ከሰርጅ፣ ከጋስት በምን ይለያል?

እነዚህ ሁሉ «ድንገት» የሚለውን ይጋራሉ። የሚለያቸው ምን እንደወጣና እንዴት እንደወጣ ነው። በርስት የተዘጋ ነገር ሲፈነዳ ነው። የባጃጅ ጎማ በርስት ያደርጋል። ስፐርት እንዲኖር ግን ምንም መሰበር የለበትም፣ ቀዳዳ ይበቃዋል። ሰርጅ ሰፊና ከባድ ነው፣ እንደ ማዕበል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ድንገት ይጨምርና ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያቃጥላል፤ ሱቅ ውስጥ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው ዕቃ የሚሸጠው ለዚህ ነው። የሰው ንዴት ሲሆን አውትበርስት ይባላል፣ በኛ ቱግ አለ።

ጋስት የነፋስ ብቻ ነው። አዳማ ላይ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ መሄድ የለብንም። ከከተማው ዳር ጉብታው ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፣ የሁለቱ ጣቢያ አቅም ሲደመር 204 ሜጋ ዋት። ጉብታው የተመረጠው ለተርባይን የሚሆን ነፋስ ስላለው ነው። ጋስት ግን ለነሱም ጣጣ ነው፣ ሽው ብሎ ሲመጣ ክንፋቸውን አዙረው ያሳልፉታል። እኛ ደግሞ ከአደባባዩ ላይ ዓይናችንን በእጃችን ጋርደን። አፈሩ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ጋስት ይሁን ስፐርት ግድ የሚሰጠው የለም።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

አንድ ቃል አትፈልጉ። ምን እንደዘለለ ተመልከቱ። ደም ከሆነ ፊን አለ። ቧንቧ ከሆነ ተፋ። ሯጭ ከሆነ ማርሽ ቀየረ። ልጅ ከሆነ ተመዘዘ። ወኔ ከሆነ የሰሞን ነው። «ድንገተኛ ፍንዳታዊ እድገት» የሚል ትርጉም አንድ የሥልጠና ወረቀት ላይ አይቻለሁ። ያንን ያነበበች እናት ልጄ ሊፈነዳ ነው ብላ ብትሮጥ አልፈርድባትም።

ለጎረቤቴም ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ይሄንኑ ነገርኳት። «ታዲያ መዘዘው አይልም ነበር?» አለች። ልጁ ከቆሎው ቀና ብሎ «እማዬ፣ ነገ መሮጥ የለም ማለት ነው?» አለ። «ተወው፣ ተኛ» አለችው። እሱም ሌላ ጭብጥ ቆሎ ዘገነ።

ሱሪውን ይዛ በረንዳ ላይ መኪናውን ተክሎ ወደሚሰፋው ሰውዬ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። አዲስ ሱሪ እንዲሰፋለት ነው። ሰውዬው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ልጁን ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ «ስንት ዓመቱ ነው?» አላት።

«13።»

ጫማውን አየ፣ መዳፉን አየ። ምንም ሳይናገር ጨርቁን ከምልክቱ አራት ጣት አስረዝሞ ቆረጠ፣ ትርፉንም ወደ ውስጥ አጠፈው።